ኮረታማ አበቦችን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር፦ በሀዋሳ ጓሮ ባለቤቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች ለሀዋሳና ለአካባቢዋ የአየር ጠባይ፣ ለመኖሪያ ቤት ግቢም እንዲመቹ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው።

ኮረታማ አበባ የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

ከመሬት በታች በወፈረ አካል ምግቡን አከማችቶ፣ ከላይ ያለው ቅጠሉ ቢደርቅ እንኳ ወቅቱ ሲደርስ እንደገና የሚያቆጠቁጥ የአበባ ተክል ሁሉ በተለምዶ ኮረታማ ይባላል። በጥንቃቄ ሲታይ ግን ይህ አካል አራት ዓይነት ነው። አማሪሊስና ክሪነም እንደ ሽንኩርት ሽፋን በሽፋን የተደራረበ ኮረት አላቸው፤ የግላዲዮለስ ኮረት ጠፍጠፍ ያለና ውስጡ ድፍን ነው፤ ካና፣ ካላ ሊሊና አጋፓንተስ በአፈር ውስጥ ወደ ጎን የሚያድግ ወፍራም ግንድ አላቸው፤ ዳህሊያ ደግሞ ምግቡን የሚያከማቸው በወፈሩ ሥሮቹ ነው።

ልዩነቱ ተክሉን በሚከፍሉበት ጊዜ ዋጋ አለው። የካና ግንድ ዓይን እስካለው ድረስ ትንሽ ቁራጩም ይበቅላል። የዳህሊያ ሥር ግን የቱንም ያህል ቢወፍር፣ ከአሮጌው ግንድ ሥር ያለው ዓይን አብሮት ካልተቆረጠ ለወራት በአፈር ውስጥ ተቀምጦ ምንም ሳያቆጠቁጥ ይበሰብሳል። ከጎረቤት ዳህሊያ ተቀብለው «አልበቀለልኝም» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የተሰጣቸው እንዲህ ያለ ዓይን የሌለው ሥር ነው።

በሀዋሳ ለማዛወር የሚመቸው ወቅት የትኛው ነው?

ወሩን ከመቁጠር አስቀድሞ ቅጠሉን ማየት ይገባል። እንደ ግላዲዮለስና ዳህሊያ ያሉት፣ አበባቸው ካለፈ በኋላ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ የሚደርቅባቸው፣ የሚነቀሉት ድርቀቱ ሲጠናቀቅ ነው። እንደ አጋፓንተስና ክሪነም ያሉት፣ ቅጠላቸው ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሚሆንላቸው፣ የሚዛወሩት ደግሞ አበባቸው አልፎ አዲስ ቅጠልና አዲስ ሥር ማውጣት ሲጀምሩ ነው።

ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ወቅቱን የሚወስነው ብርድ ሳይሆን ውኃ ነው። ዝናቡ በመጋቢት አካባቢ ጀምሮ፣ በመሃል እየላላም ቢሆን፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘልቃል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ደረቅ ነው። ስለዚህ በበጋው ያረፉ ኮረቶችን ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ መትከል የመጀመሪያውን ዝናብ በሙሉ ለመጠቀም ያስችላል። ካናና አጋፓንተስ በሰኔም ቢዛወሩ ምንም አይሆኑም። በሐምሌና በነሐሴ ግን ገና ተቆርጦ ቁስሉ ያልደረቀ አማሪሊስ ወይም ዳህሊያ ጨቅይቶ በቆየ አፈር ውስጥ መቅበር ለብስባሴ አሳልፎ መስጠት ነው። ሞቃትና ደረቅ በሆነችው በአዳማ የበልጉ ዝናብ ብዙ ስለማያስተማምን፣ ውኃ ማጠጣት የማይችል ሰው እስከ ሰኔ ቢታገሥ ይሻለዋል።

በየስንት ዓመቱ ነው መዛወር ያለባቸው?

ግላዲዮለስ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ ካና በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ፣ አጋፓንተስ በየአራት ወይም በየአምስት ዓመቱ ቢዛወሩ ይበቃል። ግላዲዮለስ ቶሎ ቶሎ የሚነቀልበት ምክንያት አለው፤ በየዓመቱ አዲሱ ኮረት የሚሠራው በአሮጌው አናት ላይ ስለሆነ፣ ተክሉ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ላይ እየወጣ ይሄድና በመጨረሻ አበባውን መሸከም አቅቶት ይጋደማል። አማሪሊስ በተቃራኒው መጨናነቅን የማይጠላ ተክል ነው። ክሪነም ደግሞ መነካት አይወድም፤ በቂ ምክንያት ከሌለ ባለበት ይተው።

ጊዜው መድረሱን የሚያሳዩት ምልክቶች ግልጽ ናቸው፦ ቁጥቋጦው መሃሉ ባዶ ሆኖ ዳር ዳሩን ብቻ ሲያበቅል፣ ቅጠሉ እየበዛ አበባው ሲቀንስ፣ ወይም ኮረቶቹ እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ከአፈር በላይ ሲወጡ።

ኮረቱ ሳይጎዳ እንዴት ይነቀላል?

ከመንቀልዎ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት አፈሩን ያጠጡት፤ የሚነቅሉት ለማከማቸት ከሆነ ግን አያጠጡ። በዶማ ቀጥታ ከግንዱ ሥር መቆፈር በጣም የተለመደ ነው፤ በጣም የሚጎዳውም እሱ ነው። ከግንዱ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለው፣ ቢቻል ጣት ጣት ባለው መቆፈሪያ ዙሪያውን ካላሉ በኋላ ከሥሩ ደግፈው ያንሡት። ቅጠሉን ይዞ መጎተት አንገቱን ይበጥሳል፤ ኮረቱም አፈር ውስጥ ይቀራል።

ከወጣ በኋላ አፈሩን በእጅ ያራግፉና በቀላሉ የሚለያዩትን ልጆች ከእናቲቱ ይለዩ። በትንሽ ግፊት ያልተላቀቀ ልጅ ገና የራሱ ሥር ስለሌለው አብሮ ይቆይ። መቁረጥ ካስፈለገ ቢላው በአልኮል ይወልወል፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄዱም ይድገሙት። የተቆረጠውን ፊት በጥሩ የተነፋ አመድ ወይም የከሰል ዱቄት ነስንሰው አንድ ሁለት ቀን ጥላ ሥር ያቆዩት። አመዱ መድኃኒት አይደለም፤ የሚጠቅመው እርጥበቱን ስለሚመጥ ነው።

ያረጀ አጋፓንተስ በቢላ አይበገርም። መጋዝ ወይም ስለታም አካፋ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ክፋይ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያና ደህና ሥር እንዲኖረው አድርገው ይክፈሉት፤ ከዚያ ያነሰ ክፋይ ባይሞትም ለማበብ ብዙ ያስጠብቃል።

ምን ያህል ጠልቆ፣ ምን ያህል ተራርቆ ይተከላል?

ኮረት ከቁመቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይቀበር የሚለው ልማድ ለግላዲዮለስ ይሠራል፤ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመካከላቸውም ያንኑ ያህል ርቀት ይበቃቸዋል። ካና ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይቀበርና ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይራራቃል። ዳህሊያ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ መደገፊያ እንጨቱ በሚተከልበት ዕለት አብሮ ይተከል፤ በኋላ የሚሰካ እንጨት ሥሩን ይወጋል። የአጋፓንተስ አናት ከአፈር በታች ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢገባ በቂ ነው።

ይህ ልማድ የማይሠራበት አማሪሊስ ነው። አንገቱና የላይኛው አንድ ሦስተኛው ከአፈር በላይ መታየት አለበት። ሙሉ በሙሉ ሲቀበር በክረምት ውኃ በአንገቱ በኩል ወደ ሽፋኖቹ ይገባና ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ትንሽ ስሕተት ግን አያስጨንቅ። ብዙዎቹ ኮረታማ ተክሎች እየተሸበሸቡ የሚያጥሩ ልዩ ሥሮች አሏቸው፤ በእነዚህም ራሳቸውን ወደ ሚመቻቸው ጥልቀት ቀስ በቀስ ይስባሉ። በጣም ጠልቆ ከተቀበረ ግን መውጣቱ ከመግባቱ ይከብዳል።

ቅጠሉን ልቁረጠው?

አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ አይቁረጡት። ለሚመጣው ዓመት አበባ የሚሆነውን ምግብ የሚሠራው ይህ ቅጠል ነው። አበባው ሲረግፍ አገዳውን መቁረጥ ይቻላል፤ ዘር እንዳያፈራ ስለሚያደርገው ይጠቅመዋልም። ቅጠሉ ግን ራሱ ቢጫ ሆኖ፣ ያለ ጉልበት ሲጎተት እስኪለቅ ይቆይ። ለበዓል ግቢ ሲጸዳ የግላዲዮለሱን ቅጠል አብሮ ማጨድ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት «ዘንድሮ ምን ነካው?» የሚባለውም በዚያው ቤት ነው።

አጋፓንተስ ብቻ ትንሽ ለየት ይላል፤ ሲዛወር ሥሩ ስለሚቀንስ፣ ከቅጠሉ ርዝመት ሲሶውን ማሳጠር ውኃ እንዳያጣ ይረዳዋል።

የሀዋሳ አፈር ይስማማቸዋል? ምን ልጨምርበት?

አብዛኛው የከተማዋ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ አሸዋማና ቀላል፣ ቀለል ያሉ ነጫጭ ድንጋዮች የተቀላቀሉበት ነው። ይህ ለኮረት መልካም ነው፤ ውኃ አያቁርም፣ ኮረቱም ለማበጥ ቦታ ያገኛል። ጉድለቱ ቶሎ መድረቁና የበሰበሰ ነገር ማነሱ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ አንድ ሙሉ ባልዲ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢዋሐድ ይለወጣል። በዙሪያው ያለው የሲዳማ ገጠር የእንሰትና የቡና አገር በመሆኑ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ለጉዝጓዝ፣ የቡና ገለፈትም ለኮምፖስት ማግኘት አያስቸግርም። ገለፈቱ ግን ሳይበስል በቀጥታ አይግባ።

ወደ ሐይቁ ዝቅ ባሉ ሰፈሮች ነገሩ ይለያል። በክረምት ውኃው ቅርብ ስለሆነ መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ግድ ነው። በእንዲህ ያለ እርጥብ ቦታ ያለ ሐሳብ የሚበቅሉት ካናና ካላ ሊሊ ናቸው።

ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ዩሪያም ለአበባ የሚበጅ አይደለም፤ ቅጠሉን ያወፍራል፣ ኮረቱን ያለሰልሳል፣ አበባውን ያዘገያል።

የነቀልኩትን ወዲያው ልትከል ወይስ ላቆየው?

ካና፣ አጋፓንተስ፣ ካላ ሊሊና ክሪነም በተነቀሉበት ሳምንት ቢተከሉ ይሻላል። ማቆየት ካስፈለገ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው ጥላ ሥር ይቀመጡ።

ግላዲዮለስ ግን ዕረፍት ያስፈልገዋል። ሳይታጠብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይደርቅ፤ ከዚያ የተሸበሸበው አሮጌ ኮረት ከሥሩ ተላቅቆ ይጣል፤ ጤነኛው በወረቀት ከረጢት ወይም በቅርጫት ይቀመጥ። ፌስታል ውስጥ የሚቀመጥ ኮረት ይሻግታል። በዙሪያው የሚገኙትን ጥቃቅን ኮረቶች አይጣሏቸው፤ ለብቻ ቢተከሉ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አበባ ይደርሳሉ። ደርሶ የተተከለ ትልቅ ግላዲዮለስ ከተተከለ ከ70 እስከ 100 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚያብብ፣ ለሰርግ ወይም ለበዓል የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ ቆጥሮ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሊተክል ይችላል።

የተከራየሁትን ቤት ልለቅ ነው፤ አበባው ደግሞ አሁን አብቧል። ይዤው መሄድ እችላለሁ?

ይቻላል፤ ነገር ግን የዘንድሮው አበባ እንደሚያጥር አስቀድመው ይቀበሉት። አገዳውን ቆርጠው በውኃ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በተክሉ ላይ ቢቆይ ኮረቱን ያደክመዋል። ተክሉን ከነአፈሩ፣ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጓል ቆርጠው ያውጡና በቫዞ፣ በተቀደደ ጀሪካን ወይም በማዳበሪያ ጆንያ ይጫኑት። ሥራው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። አዲሱ ቤት ሲደርሱ ሳይዘገዩ ተክለው ለአንድ ሳምንት ያህል ከእኩለ ቀን ፀሐይ ይከልሉት።

ሁሉንም ነቅሎ መሄድ ግን አያስፈልግም። ከትልቅ ቁጥቋጦ ሲሶው ቢወሰድ ለአዲሱ ግቢ ይበቃል፤ የቀረውም ለሚቀጥለው ተከራይ ይሆናል። ከአከራይ ጋር መነጋገር ደግሞ ከመቆፈር በፊት ነው።

ካዛወርኩት ጀምሮ ቅጠል እንጂ አበባ የለውም። ለምን?

አጋፓንተስ ከሆነ አንድ ዓመት መዝለሉ የሚጠበቅ ስለሆነ ይተዉት። አማሪሊስ ከሆነ ቅጠሉን ይቁጠሩ። ይህ ተክል በግምት በየአራት ቅጠሉ አንድ የአበባ አገዳ የሚፀንስ ሲሆን፣ አበባው ከመውጣቱ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ በኮረቱ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ቅጠል ብቻ ይዞ የከረመ ኮረት ዘንድሮ ምንም ቢደረግለት አያብብም፤ አሁን የሚደረግለት እንክብካቤ የሚታየው በሚመጣው ዓመት ነው።

ቅጠሉ ብዙና ጤነኛ ሆኖ አበባ ከሌለ፣ ምክንያቱ ጥላ ወይም ዕረፍት ማጣት ነው። በቀን ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ ማግኘቱን ይመልከቱ፤ ችግኝ ሳሉ የተተከሉ የፍራፍሬ ዛፎች ሳይታወቅ አድገው መደቡን የሚሸፍኑበት ግቢ ብዙ ነው። አማሪሊስን በበጋው ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ውኃ መከልከል ብዙ ጊዜ ያነቃቃዋል። ቧንቧ ሥር ወይም የልብስ ማጠቢያ ውኃ በሚፈስስበት ቦታ የተተከለ ኮረት ይህን ዕረፍት ፈጽሞ አያገኝም።

ኮረቱ ለስልሷል፣ ይሸታልም። ይድናል?

ከሥሩ በኩል ለስልሶ መጥፎ ሽታ ያለው አይድንም፤ ነቅለው ከግቢ ያስወግዱት፣ ወደ ኮምፖስት አያስገቡት። የላይኛው ሽፋን ብቻ ከሆነና ሥሩ የሚወጣበት ጠፍጣፋ ክፍል ጠንካራ ከሆነ፣ ነጭና ንጹሕ አካል እስኪታይ ልጦ፣ ለጥቂት ቀናት አድርቆ፣ በአዲስ አፈር መትከል ይሞከራል። በአማሪሊስ ቅጠልና ኮረት ላይ የሚታይ ቀይ ነጠብጣብ የሻጋታ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የተጎዳውን ቅጠል ቆርጦ ማስወገድና ውኃውን ከላይ ሳይሆን ከሥር ማጠጣት ይቀንሰዋል።

ውኃ አልጎደለበትም፤ ግን የግላዲዮለሱ ቅጠል ጫፍ ቡናማ እየሆነ ነው። ምንድን ነው?

የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀሙ ከሆነ ፍሎራይድ መጠርጠር አለበት። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ያለ ፍሎራይድ እንዳለው የታወቀ ነው፤ በአካባቢው የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግላዲዮለስና ፍሪዚያ ለፍሎራይድ እጅግ ስሱ ከሆኑት አበቦች መካከል ናቸው። በሥር ገብቶ በቅጠሉ ጫፍ ስለሚከማች፣ ጉዳቱ ከጫፍ ጀምሮ በጠርዙ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ የቀረው ቅጠል ግን ለምለም ነው። የውኃ ጥም ቢሆን ቅጠሉ በሙሉ ይጠወልግ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ውኃ ይጨምራል፤ ይህም ተጨማሪ ፍሎራይድ ማጠጣት ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በበርሜል አጠራቅሞ ለእነዚህ አበቦች ብቻ ማዋል የተሻለው መፍትሔ ነው። በጉዝጓዝ መሸፈንም የሚጠጣውን መጠን ይቀንሳል። የተቃጠለው ጫፍ ተመልሶ አይለመልምም፤ ለውጡን የሚናገረው አዲስ የሚወጣው ቅጠል ነው።

የተከልኩትን ጦጣ ይነቅልብኛል፣ ፍልፈልም ይበላብኛል። ምን ላድርግ?

ጦጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነቅለው ለመብላት ሳይሆን አዲስ የተቆፈረ አፈር ስለሚስበው ነው። መደቡን ሥር እስኪይዝ ድረስ ለሁለትና ሦስት ሳምንት በወንፊት ሽቦ ሸፍኖ ዳሩን በድንጋይ መጫን ይበቃል። ለፍልፈል ሽቦው ከሥር ነው የሚያስፈልገው፤ ጉድጓዱን በሽቦ አልብሶ ኮረቱን በውስጡ መትከል። በከተማዋ ዳርቻ ጃርት ካለ ግን ከጠንካራ አጥር በቀር የሚያስቆመው የለም። ግላዲዮለስን አይጥም ጃርትም ይወዱታል፤ አማሪሊስና ክሪነም መራራና መርዛማ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ይተዋሉ።

ለልጆችና ለቤት እንስሳት አደገኛ ናቸው?

አዎን፣ አንዳንዶቹ። አማሪሊስና ክሪነም ቢበሉ ያስታውካሉ፤ ካላ ሊሊ አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል። ከሁሉም የከፋው ግሎሪዮሳ ነው፤ ቀይና ቢጫ ነበልባል የሚመስል አበባ ያለውና በቅጠሉ ጫፍ እየተጠመጠመ የሚወጣው፣ በአገራችን ቆላማና ወይና ደጋ ቁጥቋጦዎች ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ተክል፣ ሥሩ የሚገድል መርዝ አለው። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ባይተከል ይመረጣል። የደረቀ ኮረት ከሽንኩርት ጋር በአንድ ቅርጫት ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ወጥ ቤትም አይግባ። ሲነቅሉና ሲከፍሉ ጓንት ያድርጉ፤ የአማሪሊስ ፈሳሽ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል።

ከውጭ አገር የመጣልኝ ቱሊፕ አንድ ጊዜ አብቦ ጠፋ። ወደ ሌላ ቦታ ባዛውረው ያብባል?

ቦታ መቀየሩ አይረዳውም። ቱሊፕና ሃያሲንት አበባቸውን ለማስረዘም ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚቆይ ብርድ፣ ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ ይጠይቃሉ፤ ሀዋሳ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ስለሚሞቅ ይህን ልታሟላ አትችልም። የመጀመሪያው አበባ የወጣው ኮረቱ ሲሸጥ ብርዱን ቀድሞ ስላገኘ ነው።

መሞከር የሚፈልግ ሰው ኮረቱን በወረቀት ከረጢት አድርጎ በፍሪጅ ለዚሁ ያህል ጊዜ ሊያቆየው ይችላል። በዚያ ፍሪጅ ውስጥ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ አይቀመጡ፤ እየበሰሉ የሚያወጡት ጋዝ በኮረቱ ውስጥ ያለውን ፅንስ አበባ ይገድላል። እንዲያም ሆኖ በሙቀቱ ኮረቱ ዳግመኛ ስለማይወፍር፣ ካበበ በኋላ ነቅሎ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ መጣል ነው። ቦታውን ለአማሪሊስ ቢሰጡት ይሻላል።